አሥራ ሁለት ክንድ

ካስተማርኩባቸው ቀኖች አንዱን መልሰህ አስተምር ብባል የትኛውን እንደምመርጥ ለማሰብ ጊዜ አይፈጅብኝም። ቡታጅራ፣ አምስተኛ ክፍል፣ ከእረፍት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ፣ ርዕሱ የርዝመት መለኪያዎች። ያን ቀን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንዲት ቃል ሳልጽፍ ቀረሁ። በዚያች ቃል ሰበብ አንዲት ልጅ ከትምህርት ቀረች። ሰበቡ ቃሏ ትሁን እንጂ ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ ይህንንም አፌን ሞልቼ የምናገረው ገና ዛሬ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ፤ ይገባኛል።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጥቶ አዳዲስ መጻሕፍት ለሦስት ተማሪ አንድ እየተባለ ይታደላል። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ቡታጅራ ከተመደብኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ቁመቴ አጭር ነው፣ ቁጣዬ ግን ረጅም። ተማሪ ከኋላዬ ሲስቅ በቁመቴ የሳቀ ይመስለኛል፤ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ደግሞ ሊፈትነኝ የተነሳ ይመስለኛል። ስለዚህ በኔ ክፍል ሳቅም ጥያቄም እምብዛም አልነበረም። ጸጥታ አለው ተብሎ የሚመሰገነው ክፍል የኔ ነበር፤ እኔም ምስጋናውን እቀበል ነበር።

ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አንዲት የእንጨት ሜትር ነበረችን። እሷም ጫፏ ተሰብሮ ከሰባት ነበር የምትጀምረው፤ የለካነውን ሁሉ ሰባት ቀንሰን ነው የምንጽፈው። መለኪያ ባይኖረኝም ዘዴ አላጣሁም። ሰሌዳው ላይ ደረጃ እስላለሁ፤ ከላይ ኪሎ ሜትር፣ ከታች ሚሊ ሜትር፣ መሀሉ ላይ ሌሎቹን እደረድራለሁ። «ውረድ!» ስል ክፍሉ በሙሉ «በአሥር አባዛ!» ብሎ ይጮኻል፤ «ውጣ!» ስል «ለአሥር አካፍል!» ይላል። ጎረቤት ክፍል የሚያስተምር ባልደረባዬ «ኧረ በፈጠረህ፣ የአርብ ገበያ አስመሰልከው» እያለ ያማርር ነበር። እኔ ግን በደረጃዬ እኮራ ነበር። ጩኸት የምፈቅደውም እኔ ባዘዝኩት ጊዜ ብቻ ነው።

ልጅቷ ከመስቃን ገጠር፣ በእንሴኖ መንገድ ካለ መንደር በእግሯ እየተመላለሰች ነበር የምትማረው። አባቷ በርበሬና በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ነው። ወንድሞቿ በየተራ ፊደል ሳይጨርሱ አዲስ አበባ ንግድ ገብተዋል፤ ከዚያ ቤት አምስተኛ ክፍል የደረሰች እሷ ብቻ ነበረች። አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሆናት አይቀርም፤ የገጠር ልጅ ዘግይታ ነው የምትጀምረው። አባቷ «እስኪ ትማር፣ ጥቅሙን እናያለን» ብሎ እንደላካት ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ ራሷ ነበረች እየሳቀች የምትናገረው። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስርና መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። እኔ የምለውን ቃል በቃል ትጽፋለች፤ ጽሕፈቷም የታተመ ይመስላል።

የመጀመሪያውን ጥፋት ያጠፋሁባት ስለ ቁስ አካል ሦስት ሁነቶች ባስተማርኩበት ሳምንት ነው። ጠጣር ቅርጹንም ይዘቱንም አይለውጥም። ፈሳሽ ይዘቱን አይለውጥም፣ ቅርጹ ግን እንደገባበት ዕቃ ነው። ጋዝ ሁለቱንም ይለውጣል። ሦስት ዓምድ ሠርቼ ምሳሌ ስጡኝ አልኩ። ድንጋይ፣ ጠጣር። ወተት፣ ፈሳሽ። እንፋሎት፣ ጋዝ። ነገሩ እንደ ውሃ ሲወርድልኝ እሷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቡላ ከየትኛው ነው?»

ቡላ ማለት እንሰት ሲፋቅ ከሚወጣው ጭማቂ፣ ውሃው ሲጠል ከሥር የሚቀረው ነጩ ነገር ነው። «ጠጣር» አልኳት ሳላስብ።

«ገና ውሃው ሲደፋ ግን፣ ቲቸር፣ በጣቴ ስመታው ይጠነክራል፣ ስተወው ይፈሳል። ጨብጬ ሳነሳው ድንጋይ ነው፤ እጄን ስከፍት በጣቶቼ መሀል ይወርዳል። በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?»

ወይ ጉድ! እኔ ቡላ እየበላሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ግን እንደ ወንድ ልጅ ቀርቦልኝ በላሁ እንጂ እናቴ ስታጠልለው አጠገቧ ቆሜ አላውቅም። መጽሐፉም ላይ የለም። አላውቅም ማለት አንድ ቃል ናት፤ እሷ ግን ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች።

«ይህ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው እንጂ ወጥ ቤት አይደለም» አልኳት። «ተቀመጪ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ያን ቀን ሳቁን አልከለከልኩም። በማግስቱ ልጅቷ ጥቂት እርጥብ ቡላ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ መጣችና፣ ከሁሉም ቀድማ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። «ቲቸር፣ እስኪ ይንኩት» አለችኝ። አልነካሁትም። «ውጪ ጣይና እጅሽን ታጥበሽ ግቢ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ «ቡላ» ብለው ሰየሟት። እኔም ሰሌዳ እንድታጠፋ ስፈልግ አንድ ሁለቴ «ቡላ፣ ነይ» ብያታለሁ። አይ እኔ! አስተማሪ ተብዬ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያገኘሁት መጽሐፍ ላይ፣ ሲመቱት የሚጠጥር ሲተዉት የሚፈስ ነገር እንዳለና የተማሩ ሰዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደሚመራመሩበት አነበብኩ። እሷ በቅጠል ጠቅልላ አምጥታልኝ ነበር። ለመንካት እንኳን ሰነፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እጇን አውጥታ አታውቅም፤ የምለውን ትጽፋለች፣ ጽፋ ትሄዳለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የርዝመት መለኪያዎች ላይ ደረስን። መጽሐፉ ከሜትርና ከሴንቲ ሜትር ጋር ባህላዊ መለኪያዎችንም አስተምሩ ይላል፤ ክንድ፣ ስንዝር፣ እርምጃ። «አንድ ክንድ በግምት 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል» ይላል ቃል በቃል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ «በግምት» የምትለዋን ቃል ሳያት ያሳክከኝ ነበር። ሳይንስ ሆኖ ምን ግምት አለው? ግምት የደላላ ነው እል ነበር። ደግሞም ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ደርሼ ቦታ ጠቦኛል። ስለዚህ ቃሏን ተውኳትና «1 ክንድ = 50 ሴንቲ ሜትር፤ 2 ክንድ = 1 ሜትር» ብዬ ጽፌ ሁለት መስመር አሰመርኩበት። «ይህ አይለወጥም፤ በቃላችሁ ያዙ» አልኳቸው።

መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ቆመና ሻሿን አስተካክሎ ወረደ። ሻሿን ልታስተካክል መስሎኝ ነበር ብዬ ልዋሽ? አይቻታለሁ። ጥያቄ እንዳላት አውቄያለሁ። ዝም በማለቷም ደስ ብሎኛል። ሌሎቹ ልጆች ክንዳቸውን በዚያች ሰባራ ሜትር እየለኩ እንዲያዩ ማድረግ እችል ነበር፤ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጊዜ የለንም ብዬ አለፍኩት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ዓመት በርበሬ ስለያዘለት፣ አባቷ የሣር ቤቱን ትቶ ባለ ቆርቆሮ ቤት ሊሠራ ተነሳ። ግድግዳውን እንደ አባቶቹ በራሱ ክንድ ለክቶ አቆመ፤ የቤቱ ወርድ አሥራ ሁለት ክንድ ሆነ። ከግድግዳ ግድግዳ ተጋድሞ ጣሪያውን የሚሸከመውን እንጨት ግን እንደ ከተማ ሰው በመጋዝ የተሰነጠቀ ፈለገ፤ እሱን ከቡታጅራ እንጨት ቤት ማስቆረጥ አለበት። በዚያ አገር እንጨት የሚያስቆርጥ ገበሬ ገመድ ይዞ ነው የሚሄደው። ቤቱን በገመድ ይለካል፣ የደረሰበት ላይ ይቋጥራል፣ ከተማ ወስዶ አናጢው ፊት ይዘረጋዋል። ሜትር አያስፈልገውም፤ እንጨቱ እንደ ገመዱ ይቆረጣል፣ አለቀ።

አባትየውም ገመዱን አንስቶ ሊወጣ ሲል ልጅቷ፣ «አባዬ፣ ገመድ ምን ያደርግልሃል? አሥራ ሁለት ክንድ ስድስት ሜትር ነው። ስድስት ሜትር ብለህ እዘዝ» አለችው። ደብተሯንም አሳየችው። ማንበብ አይችልም፤ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትን ግን አየ። ገመዱን መልሶ ሰቀለው። እንጨት ቤት ገብቶ «ስንት ሜትር?» ሲሉት «ስድስት» አለ። በዕድሜው ሜትር ቆጥሮ የማያውቅ ሰው፣ ልጁን ለካስ በከንቱ አላስተማርኳትም እያለ ተመልሶ እንደሄደ ራሱ ነው የነገረኝ።

ሰውየው በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው። ክንዱ ሃምሳ አምስት ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ አይቀርም። በአንዱ ክንድ አምስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲሆን ስልሳ ሴንቲ ሜትር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ጣሪያ ሊያወጣ ለደቦ ተሰብስቦ የመጀመሪያውን እንጨት ሲያነሳ፣ አንዱ ጫፍ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ሌላው አየር ላይ ቀረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም።

«ይሄ የተማረ እንጨት ነው» አለ አንዱ ጎረቤት።

«ተዋት ትማር» አለ ሌላው፤ «አሥራ ሁለተኛ ስትደርስ ቤቱን ኪስህ ውስጥ ከተህ ትዞራለህ።»

አባትየው የሰው መሳቂያ ሆኖ ዋለ። ሰው ሲበተን ልጁን ጠርቶ «ማነው እንዲህ ያለሽ?» አላት። «ቲቸር» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ልጁን ይዞ ትምህርት ቤት መጣ። ያ ሰኞ ደግሞ እንደ ሌላው ሰኞ አይደለም። በዚያን ዘመን መምህር የነበረ ሰው ግምገማን ያውቃታል። መምህራኑ በሙሉ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ ሁሉም የራሱን ድክመት ይናገራል፣ ከዚያ ሌላው ይጨምርለታል፣ ሁሉም በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ባለፈው ዓመት አንዱ ባልደረባችን «የብቃት ችግር አለበት» ተብሎ ተጽፎበት መኪና ወደማይደርስበት ትምህርት ቤት ተዛውሯል። በዚያ ላይ በክረምት ዲፕሎማ የሚማሩ ሁለት መምህራን ከኛ ይመረጣሉ ተብሏል። እኔ ያን ዕድል እንቅልፍ እስኪነሳኝ ነበር የምፈልገው። ከወረዳ የመጣው ሰው እስክሪብቶውን ይዞ ርዕሰ መምህሩ አጠገብ ተቀምጧል። ተራው እኔ ጋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው በሩ ተንኳኳ።

«አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ጎንበስ አለና ገባ። ልጅቷ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቀረች። ርዕሰ መምህሩ ወንበር ሰጠው፤ አልተቀመጠም። የቤቱን ነገር ከእንጨቱ እስከ ደቦው አንድም ሳያጋንን ተናገረ።

«ልከስ አልመጣሁም» አለ ሲጨርስ፤ ወደኔ ዞሮ። «መምህር፣ ልጄ እርስዎ ነዎት ያስተማሯት ትላለች። እርስዎ ብለው ከሆነ እሰየው፤ የተማረም ሰው ይሳሳታል። ልጄ እውነት መናገሯን ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው።»

ሰውየው መውጫውን በእጁ ይዞ አቀረበልኝ እኮ! አዎ፣ እኔ ነኝ፣ አንድ ቃል ዘልዬ ነው ብል ኖሮ እጄን ጨብጦኝ ይሄድ ነበር። እኔ ግን የታየኝ የወረዳው ሰው እስክሪብቶ ነው። አንዷን እጄን በሌላዋ ያዝኳት።

«እኔ ያስተማርኩት ክንድ በግምት ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ነው ብዬ ነው» አልኩ። «በግምት የሚለውን ሳትሰማው ቀርታ ይሆናል።»

ያቺን የምንቃትን ቃል ያን ቀን መሸሸጊያ አደረግኳት።

ርዕሰ መምህሩ ወደ በሩ ዞረ። «ነይ እስኪ፣ ደብተርሽን አሳዪን» አላት። ደብተሩ ላይ እኔ የጻፍኩት እንዳለ አለ፤ ሁለቱ መስመር ሳይቀር። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። አየችኝ፤ ረጅም አየችኝ። ከዚያ ደብተሯን ይበልጥ አጥብቃ አቅፋ መሬት መሬት እያየች፣

«ተሳስቼ ነው» አለች። «ቲቸር ብለው ነበር። እኔ ነኝ ሳልጽፍ የቀረሁት።»

ደብተሩን ማንም አልከፈተው። አባትየው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና ወደኔ መጣ። በሁለት እጁ እጄን ይዞ፣ «መምህር፣ በልጄ ፈንታ አፉ በሉኝ» አለኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ ማለት ነው። እኔም «ምንም አይደል» አልኩት። ይቅር ባይ እኔ ሆንኩ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ወጥተው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። አባት ከፊት፣ ልጅ ከኋላ፤ መሀላቸው ያለው ርቀት ሲመጡ ከነበረው ሰፍቷል። ግምገማው ቀጠለ። ተራዬ ሲደርስ «ከወላጅ ጋር ችግርን በትዕግሥት ይፈታል» ተብሎ ተጻፈልኝ። ሁሉም ከወጣ በኋላ ያቺን የተሰበረች ሜትር አንስቼ የራሴን ክንድ ለካሁ። ሃምሳ ሦስት ላይ አረፈ። ሰባት ስቀንስ አርባ ስድስት። የራሴ ክንድ እንኳ ሃምሳ አልነበረም።

ማክሰኞ አልመጣችም። ረቡዕም። ስም ስጠራ ልጆቹ «ቡላ የለችም» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ «በስሟ ጥሯት» ብዬ ተቆጣሁ። ምን ዋጋ አለው፤ እሷ አትሰማ። መንደራቸው በእግር ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሜ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ቅዳሜ ሲደርስ ዝናብ ነው፣ ፈተና ማረም ነው፣ ጭቃው ነው። ሰው ለመቅረት ምክንያት አያጣም። ከወር በኋላ ከመንደሯ የሚመጡ ልጆች «አባቷ በቃ ብሏታል፣ ቤት ናት» አሉኝ። መዝገቡ ላይ ስሟን በቀይ ሰረዝኩት። ያው ራሴው ሰረዝኩት።

የክረምቱ ዕድል ለኔ ወጣልኝ። ሦስት ክረምት ተምሬ ዲፕሎማዬን ያዝኩ፤ ደመወዜ ከፍ አለ፤ ተዛውሬ አገሬ ወልቂጤ ገባሁ። እኔ ተማርኩ፣ እሷ ቀረች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማሳመሪያ የለውም።

አምስት ዓመት ሆነ። ወልቂጤ ያንኑ ትምህርት፣ ያንኑ ደረጃ ስዬ አስተምራለሁ። «በግምት» የምትለዋን ቃል አሁን በትልቁ እጽፋታለሁ። አንድ ቀን ከፊት የተቀመጠች ትንሽ ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ የማን ክንድ?» አለችኝ። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ቀጥሎ «ሁላችሁም ተነሱ፣ ተለካኩ» አልኳቸው። አቧራው ጨሰ፤ ሳቅ፣ ጩኸት፣ ክርክር። ሰሌዳው በተለያየ ቁጥር ሞላ። ከዚያ የተሻለ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም። ልጆቹ ሲስቁ እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ዓይኔን ጠረግኩ፤ ጠመኔ ገባብኝ አልኳቸው። ያቺ የቡታጅራዋ ልጅ እጇ ጆሮዋ ጋ ደርሶ የቆመው ይህንኑ ልትጠይቀኝ ኖሯል። በዚያው ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ቡታጅራ ሄድኩ።

ከቡታጅራ በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። ዐረፋ ካለፈ ሁለተኛው ቀን ነበርና መንደሩ ከአዲስ አበባ በመጡ እንግዶች ሞልቷል። ቤቱን ጠይቄ ደረስኩ። ባለ ቆርቆሮ ነው። ጓሮ በኩል ግን ከግድግዳው ውጪ አንድ ክንድ ያህል ርቆ የድንጋይ መደዳ አለ፤ ያ የድሮው ግድግዳ የቆመበት ነው። እንጨቱ አልደርስ ስላለ ግድግዳውን አፍርሰው ወደ ውስጥ አስገብተውታል።

አባትየው ደጅ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጺሙ ነጥቷል። ወዲያው አወቀኝ፤ ቁመቴን ማን ይረሳል። እንድቀመጥ ቦታ ለቀቀልኝ። ሳልቀመጥ ተናገርኩት። ቃሏን እንደዘለልኩ፣ እንደዋሸሁ፣ ልጁ እውነቷን እንደነበረ፣ ለምን እንደዋሸሁ፤ ሁሉንም። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ቤትዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ቤቱ?» አለኝ። «ቤቱ እንጨት ነው። አጠበብነው፣ ገባንበት፣ አለቀ። እኔ ልጄን በቤቱ ሰበብ አይደለም ያስቀረኋት። በመምህሯ ላይ ዋሸች ብዬ ነው። ትምህርት ይህን የሚያስተምራት ከሆነ ይቅርባት ብዬ ነው። ልጄን አምስት ዓመት ሙሉ ውሸታም ናት እያልኩ ነው ያየኋት። ለባሏም ስሰጣት፣ ሥራ ትወዳለች፣ ግን አፏን ጠብቅ ብዬ ነው የሰጠኋት። አንተ ይህን አድርገህ ነው ይቅር በለኝ የምትለኝ?»

ያን ጊዜ እርስዎ ያለኝ ሰው አሁን አንተ አለኝ። ደግ አደረገ።

እሱ ወደ ቤት ዞሮ ተጣራ። ልጅቷ ለዐረፋ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበርና ወጣች፤ ሙሉ ሴት ሆናለች፣ ጡት የሚጠባ ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ስታየኝ ደነገጠች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ «እንዴት ነዎት ቲቸር» አለችኝ። አባቷ በቋንቋቸው የነገርኩትን ሁሉ ነገራት። የኔም የእናቴ ቋንቋ ለሱ ዘመድ ነውና አብዛኛው ገባኝ።

«አውቃለሁ አባዬ» አለችው። «እኔ አይደለሁ እንዴ የጻፍኩት?»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ተሳስቼ ነው አልሽ?» አልኳት እኔ። «ደብተርሽ በእጅሽ ነበር። ለምን አልከፈትሽውም?»

ልጇን ከአንድ ጎኗ ወደ ሌላው አዛወረች። ለመናገር ያፈረች ትመስላለች።

«እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ቲቸር» አለችኝ። «አሳዘኑኝ።»

ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ይቅርታ ብያታለሁ፣ አልቅሻለሁም። እሷ ጠበቀችኝ። ሲበቃኝ እሷ ጠየቀችኝ፤ ካወቅኳት ጀምሮ ሦስተኛ ጥያቄዋ መሆኑ ነው።

«አሁን ብመዘገብ ስንተኛ ክፍል ነው የሚያስገቡኝ?»

የማታ ትምህርት አለ፣ ማስረጃሽን እኔ አወጣልሻለሁ፣ ከፍ ብለሽ እንድትገቢ እለምንልሻለሁ ልላት ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ውሸት በኋላ እውነቱን ልንገራት ብዬ፣ «አምስተኛ» አልኳት። «ካቆምሽበት።»

ልጇን ወደ ፊቷ ከፍ አድርጋ አነሳችውና ሳቀች።

«በል ቶሎ እደግልኝ» አለችው። «አብረን እንገባለን።»

አባቷ ምንጣፉ ላይ እጁን ተደግፎ ተነሳና፣ እኔንም እሷንም ሳያይ ወደ ጠበበው ቤት ገባ።